ዝናብ ሲጥል ቴሌቪዥኑ ለምን ድርግም ይላል? ስለ ኤፍኢሲ የተነሣ ጥያቄና የተከተሉት 33 መልሶች

ይህን ጥያቄ የከፈትሁት እኔ ነኝ። መልሶቹ ተጠራቅመው 33 ስለደረሱ፣ ከመካከል ገብቶ ግራ ለሚጋባ አንባቢ የተባለውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ልተርክለት።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ ያዘ። የቴሌቪዥኑ ሥዕል መጀመሪያ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከታተፈ፣ ቀጥሎ ድምፁ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ድርግም አለ። ዲሹን ለተከለልኝ ሰው ብደውልለት፣ ሪሲቨሩ ውስጥ ኤፍኢሲ (ከመልእክቱ ጋር የሚላክ የስሕተት ማረሚያ) ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ከ3/4 ወደ 1/2 ብለውጠው ዝናብ እንደማያስቸግረኝ ነገረኝ። ለወጥሁት። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ከወጣች በኋላም ቻናሎቹ አልተመለሱም። ቁጥሩን ወደ ነበረበት ስመልሰው ግን ወዲያው መጡ።

በጥያቄዬ ሦስት ነገር አነሣሁ። ይህ ክፍልፋይ ምን ማለት ነው? ስቀይረው ለምን ሁሉም ጠፋ? ድሮ በጣሪያ አንቴና የምናየው ቴሌቪዥን ነጭ ነጠብጣብ ቢሞላውም የሰው ፊት ይለይ ነበር፤ ዲጂታሉ ለምን ወይ ጥርት ይላል፣ ወይ ጨርሶ ይጠፋል? አንድ ክርክርም አከልሁበት። 3/4 ማለት ከአራት ቢት (0 ወይም 1 የሆነ የመረጃ ቅንጣት) አንዱ መልእክት አይሸከምም ማለት ከሆነ፣ የሳተላይት ኪራይ በውጭ ምንዛሪ ለሚከፍል አገር ሩቡን ለባዶ ቢት ማዋል ብክነት ነው አልሁ። ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ሰንሰለት፣ ያጋጋለው ይህ ነው።

1ኛው መልስ በሰላምታ ተጀምሮ፣ ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ለፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ) በፌስታል ሸፍኜ እንዳስረው የሚመክር ነበር። 2ኛው ያንኑ ሞክሮ ውሃው በፌስታሉ እጥፋት ተጠራቅሞ ሥዕሉን ጨርሶ እንዳጠፋበት ጻፈ። ሁለቱም ወደ ጥያቄዬ አልቀረቡም።

3ኛውን የጻፈው ዲሽ በመትከል የሚተዳደር ወንድማችን ነው። ናይልሳት ላይ የነበሩት ቻናሎቻችን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ የስንቱን ቤት ዲሽ ወደ አዲሱ አቅጣጫ እንዳዞረ ቁጥሩን እንደማያስታውሰው ገልጾ ጀመረ። ኤፍኢሲ የሚወሰነው ሲግናሉን ወደ ሳተላይቱ በሚልከው ጣቢያ እንጂ በእኔ ሳሎን እንዳልሆነ በእርጋታ አስረዳ። ጣቢያው በ3/4 ቀመር ካሰናዳው፣ ሪሲቨሩም በዚያው ቀመር ብቻ ነው የሚፈታው። ያ ቦታ ሪሲቨሩ ላይ የተተወው ጣቢያው የሚጠቀምበትን ለመንገር እንጂ ለመምረጥ አይደለም። አብዛኞቹ ሪሲቨሮች ዛሬ ራሳቸው ስለሚያገኙት፣ አውቶ ላይ እንድተወው መከረኝ። ሁለተኛው ጥያቄዬ በዚህ ተዘጋ።

4ኛዋ መላሽ በዩኒቨርሲቲ ቴሌኮሙኒኬሽን የምታስተምር እህታችን ናት፤ እሷም ሒሳቡን አወጣችው። ሪሲቨር የነካካ ሁሉ የሚያውቀውን 27500 የተባለ ሲምቦል ሬት ወሰደች። ይህ በሰከንድ 27.5 ሚሊዮን ሲምቦል (በአንድ ጊዜ የሚላክ የሲግናል ምልክት) ነው። በተለመደው አላላክ እያንዳንዱ ሲምቦል ሁለት ቢት ስለሚሸከም በጠቅላላው 55 ሚሊዮን ቢት ይሆናል። ኤፍኢሲው 3/4 ሲሆን መልእክት የሚሸከመው ከዚህ ላይ 3/4ው ብቻ ስለሆነ 41.25 ሚሊዮን ይቀራል። ቀጥሎ ሪድ ሶሎሞን የተባለው ሁለተኛ ማረሚያ አለ፤ ከየ204 ባይቱ (አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው) 188ቱ መልእክት፣ 16ቱ ማረሚያ ናቸው። እሱ ሲቀነስ ለቻናሎቹ የሚተርፈው በሰከንድ 38 ሚሊዮን ቢት ገደማ ነው። ጣቢያው በ7/8 ቢልክ 44 ሚሊዮን ያህል ያገኛል፤ በ1/2 ቢልክ 25 ሚሊዮን። እኔ ሩቡ ባከነ ስል የነበርሁት ከሩብም በላይ መሆኑን አሳየችኝ፤ ብክነት መሆኑን ግን አልተቀበለችም።

5ኛው ታዲያ ጣቢያዎች ሁሉ ለምን በ7/8 ልከው ብዙ ቻናል አይጭኑም ብሎ ጠየቀ። መልሱ ከቴክኒሻኑ፣ ከ3ኛው መላሽ፣ መጣ (6ኛ)። በሥራው እንዳየው፣ በ7/8 የሚላክ ጣቢያ ደመና ገና ሲከብድ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው፤ በትንሽ ዲሽ የሚያይ ደንበኛም ሁልጊዜ ይደውልለታል።

7ኛውን የጻፈ ተማሪ ነው። ከክሩ ሁሉ እኔን የያዘኝ ይህ መልስ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ። ታሪኩን የጀመረው በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ ከነበረው የሒሳብ ሊቅ ከሪቻርድ ሃሚንግ ነው። ሃሚንግ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ግድም በዚያ ዘመን ትልቅ የስሌት ማሽን ላይ የሚሠራው ቅዳሜና እሑድ፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት ሰዓት ነበር። ማሽኑ ስሕተት ሲያገኝ የእሱን ሥራ ጥሎ ወደ ሌላው ያልፋል። ሰኞ ሲመለስ ባዶ እጁን ይቀራል። ይህ በተከታታይ ሁለት ሳምንት ሲደርስበት፣ ማሽኑ ስሕተት መኖሩን ማወቅ ከቻለ ቦታውን ማወቅ ለምን አቃተው የሚል ጥያቄ አነሣ፤ መልሱንም እ.ኤ.አ. በ1950 አሳተመ።

ተማሪው በአራት ቢት አሳየን፤ እኔም ደብተር አውጥቼ አብሬው ሠራሁ። መልእክቱ 1፣ 0፣ 1፣ 1 ነው። ሰባት ቦታ እናሰምራለን። መልእክቱን 3ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛና 7ኛ ቦታ ላይ እናስቀምጣለን፤ 1ኛ፣ 2ኛና 4ኛ ለጠባቂዎች ይቀራሉ። የመጀመሪያው ጠባቂ 1፣ 3፣ 5 እና 7 ላይ ያሉት አንዶች ድምር ሙሉ ለሙሉ ለሁለት እንዲካፈል ያደርጋል። ሁለተኛው 2፣ 3፣ 6 እና 7ን፣ ሦስተኛው 4፣ 5፣ 6 እና 7ን እንዲሁ ይጠብቃል። የሚላከው 0110011 ይሆናል። መንገድ ላይ 5ኛው ተገለበጠና 0110111 ሆኖ ደረሰ እንበል። ተቀባዩ ሦስቱን ጠባቂዎች ይጠይቃል። የመጀመሪያው አልተካፈለልኝም ይላል፣ ሁለተኛው ተካፍሎልኛል ይላል፣ ሦስተኛው አልተካፈለልኝም ይላል። ቅሬታ ያሰሙት በ1ኛና በ4ኛ ቦታ የቆሙት ናቸው። 1 ሲደመር 4፣ 5። የተበላሸው 5ኛው ነው።

ከአራት ጊዜ በላይ በተለያየ ቦታ እያበላሸሁ ሞከርሁት። ሁሌም ቦታውን ይነግረኛል፤ ከጠባቂዎቹ አንዱ ራሱ ቢበላሽ እንኳን የእሱን ቁጥር ይሰጠኛል። እነዚህን ሦስት ቢቶች ባዶ ብዬ መጥራቴ ያሳፈረኝ ያን ጊዜ ነው፤ እሱንም እዚያው ጻፍሁ።

8ኛውን የጻፉት ቀድሞ የቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበሩ አባት ናቸው። በሐዋላ መልእክት የገንዘቡ ልክ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ እንደነበር፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ገንዘቡ እንደማይከፈልና ወደ ላኪው ቢሮ ተመልሰው ይጠይቁ እንደነበር አስታወሱን። 9ኛው ምስጋና ነው። 10ኛው ደግሞ የአጎቱን ነገር አመጣ። ቄስ ናቸው፤ የብራና ዳዊታቸውን ጠርዝ አይጥ በልቶታል፤ ሲያነቡ ግን የጠፋው ቃል ላይ እንኳን ሳይደናቀፉ ያልፋሉ። የስሕተት ማረም ከእኛ ቤት የቆየ ነው ለማለት ያመጣው ነው።

እዚህ ላይ ድምፁ ጠነከረ። 11ኛው ይህ ማረም እንዳልሆነ በቁጣ ጻፈ። ቄሱ ዳዊትን በቃላቸው ይዘውታል፤ መጽሐፉ ባዶ ቢሆንም ያነቡታል፤ አስቀድሞ የታወቀ ነገር መልእክት እንዳልሆነ የመረጃ ንድፈ ሐሳብ መሥራቹ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 አሳይቷል፤ በማይረዱት ነገር ምሳሌ ማብዛት ይቁም። 12ኛው፣ የአጎቱ ነገር የተነካበት ሰው፣ በሰው ሽማግሌ እንዲህ አይዘለፍም ብሎ መለሰ፤ ልክም ነበር።

መምህርቷ በ13ኛው መካከላቸው ገባች። በዚህ ክር ከተጻፈው ሁሉ ለእኔ የላቀው ይህ ነው። 11ኛው መላሽ ስለ መልእክት ያለው እውነት መሆኑን ተቀበለችና ምሳሌውን ጥቂት አዞረችው። አንድ ሰው ከ150ው መዝሙር አንዱን መርጦ፣ ከዚያ ላይ ግማሹ የተበላ ስንኝ ለቄሱ ቢያነብላቸው፣ የትኛው መዝሙር እንደሆነ ይነግሩታል። መልእክቱ የመዝሙሩ ቃል አይደለም፤ የትኛው ተመረጠ የሚለው ነው። ሪሲቨሩም እንዲሁ ነው። ሊላኩ የሚችሉትን ቃላት በሙሉ ያውቃል፤ ተበላሽቶ የመጣውን ከእነዚህ ውስጥ በጣም ወደሚቀርበው ይመልሰዋል። የኮድ ሠሪው ጥበብ ቃላቱን እርስ በርስ ማራራቅ ነው፤ ጥቂት ቢበላሹም የሌላውን መልክ እንዳይዙ። ሁለቱም ተከራካሪዎች ዝም አሉ።

ክሩ ግን ከዳዊት ወደ ፊደል ሄደ። 14ኛው ሞክሼ ፊደላት፣ እነ ሰና ሠ፣ ስሕተት ለመከላከል የተቀመጡ ትርፎች ናቸው አለ፤ ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወጣ፣ ሰረቀ ማለት የሰው ንብረት ወሰደ መሆኑን ማስረጃ አድርጎ። 15ኛው ለኮምፒውተር ፍለጋ እንቅፋት ከመሆን በቀር ጥቅም የላቸውም አለ። 16ኛው 15ኛውን ቅርስ አጥፊ አለው። 17ኛው ለመመለስ ሞከረ፤ ሁለቱ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስላላቸው በጆሮ በኩል ርቀታቸው ዜሮ ነው፣ በዓይን በኩል ግን ይለያያሉ፣ ስለዚህ የሚከላከሉት በጽሑፍ ብቻ ነው አለ። ጥሩ ነጥብ ነበር። ከዚህ በኋላ የመጣው 18ኛ ስለ ሌላ ነገር ስድብ ስለሆነ አልተርከውም።

19ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን፤ ብክነት ያልሁትንም ነቀለው። ማሪነር 9 የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1971 ማርስን መዞር ስትጀምር፣ ለእያንዳንዱ የሥዕል ነጥብ ከ64 የግራጫ ደረጃዎች አንዱን ለመላክ ስድስት ቢት ይበቃት ነበር። እሷ ግን 32 ቢት ነበር የምትልከው። ከ32ቱ ሰባቱ ቢገለበጡ እንኳን በምድር ያለው ተቀባይ ትክክለኛውን ደረጃ ያገኘዋል። እንደ እኔ አቆጣጠር ከአምስት እጅ አራቱ ባዶ ነበር፤ የማርስን ተራሮች አጥርተን ያየነው በእሱ ነው።

20ኛው ቮዬጀር የተባሉት ሁለት መንኮራኩሮች ከጁፒተር ጀምሮ በሪድ ሶሎሞን ይልኩ እንደነበር ጻፈ። በቨርጂኒያ የሚኖርና የሳተላይት ሞደም የሚሠራ ወገናችን በ21ኛው አረመው። እ.ኤ.አ. በ1977 የመጠቁት ቮዬጀሮች ለጁፒተርና ለሳተርን የቀለም ሥዕሎች የተጠቀሙት ጎላይ የተባለውን ኮድ ነው፤ ለ12 ቢት መልእክት 12 ቢት ጥበቃ የሚጨምር። ሪድ ሶሎሞን የሠራው ከዚያ በኋላ፣ በ1986 ለዩራነስ እና በ1989 ለኔፕቹን ነው። ለ223 ባይት 32 ባይት ብቻ ጨምሮ 16 የተበላሹ ባይቶችን ይጠግናል። ያው ቤተሰብ ዛሬ ሱቅ ውስጥ በስልካችን በምናነሣው ኪውአር ኮድ ላይ አለ፤ በከፍተኛው ደረጃ ከተዘጋጀ ከኮዱ እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ቢበላሽም ይነበባል።

ይህ ወንድም እውቀቱ ጥልቅ ነው። በ22ኛው ግን ዲሽ ተካዮች ሁሉ ያልተማሩ ናቸው፣ ሕዝቡን የሚያሳስቱት እነሱ ናቸው የሚል ነገር ጨመረ። ቴክኒሻኑ በ23ኛው የመለሰው አጭር ነው። በዚህ ክር ኤፍኢሲ በላኪው እንደሚወሰን መጀመሪያ ያስረዳው ማን እንደሆነ ወደ 3ኛው መልስ ተመልሶ እንዲያይ ነገረው። 24ኛው የእኔ ነው። ስለ አንድ ዲሽ ተካይ ስሕተት ጽፌ ለነገሩ መነሻ የሰጠሁት እኔ ስለሆንሁ ቴክኒሻኑን ይቅርታ ጠየቅሁ። የቨርጂኒያው ወገናችንም በ25ኛው ይቅርታ ጠየቀና በካሣ መልክ ይመስለኛል የጋሊሊዮን ታሪክ ጻፈልን።

ጋሊሊዮ ወደ ጁፒተር የተላከ መንኮራኩር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ትልቁ አንቴናው እንደ ጃንጥላ ሊዘረጋ ሲታዘዝ ተጣብቆ ቀረ። በሰከንድ 134,000 ቢት ይልካል የተባለው፣ በቀረችው ትንሽ አንቴና ብቻ ቢቀጥል ከጁፒተር ዘንድ በሰከንድ 10 ቢት ገደማ ነበር የሚደርሰው። መሐንዲሶቹ ሶፍትዌሩን ከምድር እንደገና ጽፈው ላኩለት፤ የሥዕል መጭመቂያና ከቀድሞው የጠነከረ ማረሚያ ኮድ ጨመሩበት፤ በምድርም በርካታ አንቴናዎችን አጣምረው አዳመጡት። እስከ 160 ቢት በሰከንድ ደረሰ። አንቴናውን የሚጠግን እጅ እዚያ አልነበረም፤ ያዳናቸው አስቀድሞ ከመልእክቱ ጋር የሚታሰር ጥበቃ ነው። የዚህ ሰው አጻጻፍ እዚህ ላይ ከቀድሞው ሌላ ነበር።

26ኛው ይህ ሁሉ ከሚደረግ የተበላሸውን ደግመህ ላክልኝ ማለት አይቀልም ወይ አለ። መምህርቷ (27ኛ) ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ሳተላይት ለሚሊዮን ቤት የሚላክ ሥርጭት የእያንዳንዱን ቤት ደግመህ ላክ መስማት እንደማይችል፣ የእኔ ዲሽም ተቀባይ እንጂ ላኪ እንዳልሆነ ገለጸች። ቮዬጀር 1 ጋ ደግሞ ጥያቄው ለመድረስ ብቻ ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። 28ኛው የእኛዋስ ሳተላይት ብሎ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ከቻይና የመጠቀችውን ኢቲአርኤስኤስ 1ን አነሣ። የቨርጂኒያው ሰው እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ምሕዋር ያለው ሳተላይት በእንጦጦ ላይ የሚታየው በአንድ ማለፊያ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ያቺን ደቂቃ በመደጋገም ማጥፋት ከባድ መሆኑን በአንድ መስመር አከለበት (29ኛ)።

ሦስተኛው ጥያቄዬ የተመለሰው በ30ኛው ነው፤ የጻፈው ያ የሃሚንግ ተማሪ ነው። በአናሎግ ጊዜ ሁከቱ ቀጥታ ሥዕሉ ላይ ይሰፍር ነበር፤ ሲግናሉ ጥቂት ሲደክም ጥቂት ነጠብጣብ፣ ብዙ ሲደክም ብዙ። በዲጂታሉም ዝናቡ ሲግናሉን የሚያደክመው እንዲያው ቀስ በቀስ ነው። ልዩነቱ ማረሚያው ድካሙን ከዓይናችን መሸፈኑ ነው። በ204 ባይት ውስጥ ስምንት ቢበላሹ ሪድ ሶሎሞን ስምንቱንም አንድም ምልክት ሳይተው ይጠግናቸዋል። ዘጠነኛው ሲጨመር እጁን ይሰጣል። ስለዚህ ጥርት ያለ ሥዕል እያየሁ በነበርሁበት የመጨረሻ ደቂቃ ሪሲቨሩ በአቅሙ ጫፍ ላይ እየታገለ ነበር። ቪዲዮው ደግሞ እያንዳንዱን ሥዕል ከቀደመው በምን ተለየ እያለ ስለሚገልጽ፣ አንድ ያልታረመ ስሕተት ወደሚቀጥሉት ይሻገራል፤ አራት ማዕዘኖቹ ከዚያ ይመጣሉ።

31ኛው፣ አሁንም የቨርጂኒያው፣ አዲሱ የሳተላይት ቴሌቪዥን አላላክ ደንብ ዲቪቢ ኤስ 2 ይህን ከጥርት ወደ ድርግም የሚጥል ገደል ይበልጥ ቀጥ ያለ አድርጎታል አለ። ኮዱ ኤልዲፒሲ ይባላል። ሮበርት ጋላገር እ.ኤ.አ. በ1960 ለዶክትሬቱ በኤምአይቲ የፈጠረው ነው፤ የዘመኑ ኮምፒውተር ስላልቻለው ለሠላሳ ዓመት ያህል ተረስቶ ቆይቶ በ1990ዎቹ ተመለሰ። አሁን 64,800 ቢት በአንድ ጊዜ ያርማል፤ በዚያው ትራንስፖንደር (ሳተላይቱ ላይ ሲግናል ተቀብሎ በሚያስተላልፍ መሣሪያ) ከቀድሞው 30 በመቶ ገደማ ተጨማሪ መረጃ ያሳልፋል። በዚህ አሠራር ኤፍኢሲው ስንት እንደሆነ የሚነግረው በየፍሬሙ (በየመረጃው ጥቅል) ራስጌ ላይ ያለ ሰባት ቢት ነው። እሱ ከጠፋ ሁሉም ስለሚጠፋ በ64 ቢት ተጠቅልሎ ይላካል። የተሠራበትም ከሰባቱ ስድስቱን ቢት ወደ 32 የሚያሰፋ ኮድ ነው፤ የማሪነር 9 ዓይነት። ይህን ሳነብ ተነሥቼ ሪሲቨሩን አየሁት።

32ኛው የቴክኒሻኑ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ሪሲቨሩ የሚያሳየው የሲግናል ኳሊቲ ስንት እንደሚል ጠየቀኝ። 52 ነበር። ጣሪያ ላይ ወጥቼ የኬብሉን ጫፍ እንድፈታ አዘዘኝ። መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል፤ ኬብሉ ውስጥ ውሃ ገብቷል። አንድ ክንድ ያህል ቆርጬ አዲስ ማገናኛ አሰርሁ። ብሎኖቹን ላላ አድርጌ ዲሹን በጣም በትንሹ ወደ ምሥራቅ ገፋሁት፣ ኤልኤንቢውን በጥቂቱ አዞርሁት። ልጄ ከታች ሆና ቁጥሩን ትጮህልኝ ነበር፦ 55፣ 61፣ 58፣ 66፣ 71። እዚያ ላይ አጠበቅሁት።

33ኛው የእኔና የእሱ የመጨረሻ ልውውጥ ነው። ባለፈው ሐሙስ የጣለው ዝናብ ሥዕሉን ንቅንቅ አላደረገውም። በረዶ ሲቀላቀልበት ግን ለአራት ደቂቃ ያህል ጠፋ። የ60 ሴንቲ ሜትሩን ዲሽ በ90 ብቀይረውስ ብዬ ጠየቅሁት። ስፋቱ ሁለት እጥፍ ከሩብ ስለሚሆን 3.5 ዴሲቤል (የሲግናል ጉልበት መለኪያ) እንደሚያስገኝ፣ ይህም ጣቢያው ራሱ ከ3/4 ወደ 1/2 ቢወርድልኝ ከማገኘው 3 ዴሲቤል ገደማ እንደሚበልጥ ጻፈልኝ። ነገ መርካቶ ወርጄ የ90ውን ዋጋ እጠይቃለሁ።